ገረዷን ማን ይጫወት?

ሌሶ ደሴት፤ የባሕሩ በረዶ በተፈታ ሰሞን፣ 1774

ይድረስ ለእህቴ ለሲሰል፣ ኮፐንሃገን።

እንደምን ከረምሽልኝ? ክረምቱ እኛን አልጨረሰንም፤ አንቺንም እንዳልጨረሰ ተስፋ አለኝ። ባሕሩን የፈታ ጌታ ያንቺንም እጅ ይፍታልንና ጻፊልን። ባለፈው ዓመት ያገኘነው አንዲት ደብዳቤ ብቻ ነው። እኔ ማንበቡን እንጂ መጻፉን ስላልተማርኩ ይህን የሚጽፍልኝ የደብሩ ጸሐፊ ነው። «ለታላቅ ሴት እንዲህ አይጻፍም» እያለ ያስቸግረኛል። «አያቴና አያቷ አንድ ጡት የጠቡ ናቸው፣ ዝም ብለህ ጻፍ» ብዬዋለሁ።

ጉዳዬ የልጄ የዶርተ ነገር ነው። አባቷን ባሕር ከወሰደው ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እሷ ነን። አሥራ ሰባት ሞልቷታል። ሰሞኑን የአንዲት ባልቴት ቤት ጣራ ለማልበስ ደቦ ወጥተን ነበር። ሴቱ ሁሉ የባሕር ሣሩን እየጠመዘዘ ሳለ ይቺ ልጅ ጣራው ላይ ወጥታ ቄሱን አታስመስላቸው መሰለሽ! አፍንጫቸውን ሲጠርጉ፣ ስለ ገሃነም እየሰበኩ ሆዳቸው ሲጮህ፣ እሱን ለመሸፈን ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ። ሣሩ ከሴቱ እጅ እስኪወድቅ ሳቅን። ለካ ቄሱ ከኋላችን ቆመው ኖሯል። እሳቸውም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና እኔን ለብቻ ጠርተው «ይህችን ልጅ ወይ ዳሪያት፣ ወይ ከዚህ አርቂያት» አሉኝ።

ለማን ልዳራት? ማድስ የሚሉት ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ጠይቋታል። እሷ «እሱን ከማገባ አሸዋው ይቅበረኝ» ትላለች። አሸዋውማ መቼ እምቢ ብሎ፤ በየዓመቱ አንድ እርሻ እየዋጠ ነው።

አንቺ ንጉሥ ፊት ቆመሽ የምትጫወቺ ሴት ነሽ። ልጄን ከጎንሽ አቁሚያት። ከዚህ ሌላ አልጠይቅሽም። የደረቀ ዓሣ ልኬልሻለሁ፤ በቶሎ ብዪው።

የእናትሽን መቃብር የምትጠብቅልሽ ዘመድሽ፣
ባርብራ


ኮፐንሃገን፤ በመስከረሙ የቅዱስ ሚካኤል ሰሞን፣ 1774

ለእህቴ ለባርብራ፤

ላንቺም ለልጅሽም ጤናና ሰላም ይብዛላችሁ። ዓሣው ደርሶኛል። ቤቱን አሸተተውና አከራዬ አኮረፈች። እኔ በሬን ዘግቼ ብቻዬን በላሁት፤ እየበላሁም አለቀስኩ።

የዘገየሁት መልሱ ከብዶኝ ነው። ልጅሽን አልቀበልም። እንዳትቀየሚኝ ነገሩን ላስረዳሽ።

በዚህ ቴአትር ቤት አንድ ሚና አንዴ ከተሰጠሽ እስክትሞቺ ያንቺ ነው። ወይም ደግሞ ቤቱን በንጉሥ ስም የሚያስተዳድሩት አዛዥ የሚቀበሉት ምትክ እስኪገኝ። እኔ ከደሴታችን ስወጣ የዊግ ሠሪ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ነበር የተቀጠርኩት። ዊግ ሊያስተካክሉ የሚመጡትን ጌቶች ጓዳ ውስጥ ሆኜ ሳሾፍባቸው አንድ ተዋናይ ሰማኝና ይዞኝ ሄደ። ያን ጊዜ መድረክ ላይ የምንወጣ ሴቶች ከጣት አንበልጥም ነበር። ጨዋ ሰው ክፍል አያከራየንም። ቤተ ክርስቲያን ስንቀመጥ ከጎናችን ያለው ተነስቶ ይሄዳል። ግን የምላሰኛዋን ገረድ ሚና ሰጡኝ፤ በመጀመሪያው ምሽት አዳራሹ በሳቅ ሲናወጥ «ከእንግዲህ ማንም አይችለኝም» አልኩ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር።

ዛሬ አርባ ሁለት ነኝ። አሁንም ያችው የአሥራ ስምንት ዓመት ገረድ ነኝ። ወገቤን ሁለት ሴቶች በገመድ ይስቡታል፣ ሦስተኛዋ በጉልበቷ ጀርባዬን ትገፋለች። ገና ብቅ ስል ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሕዝብ ሲወድሽ እንዴት አድርጎ እንደሚያስርሽ አታውቂም ባርብራ።

እናቴ የሞተች ጊዜ ልቅበራት ብዬ ፈቃድ ጠይቄ ነበር። አዛዡ ያሉኝ አንድ ቃል ነው፦ «ገረዷን ማን ይጫወት?» አንቺ እናቴን አፈር ስታለብሺልኝ እኔ እዚህ ሰው አስቅ ነበር። ያለ ፈቃድ ከከተማው በር አልወጣም። አንዴ አሞኛል ብዬ ብቀር ወታደር ልከው ግንብ ውስጥ ዘጉብኝ። ሲመሽ በቴአትር ቤቱ ሰረገላ ከግንቡ ወደ መድረክ፣ ሲያበቃ ከመድረክ ወደ ግንቡ። ሕዝቡ ያን ሳምንት ከወትሮው ይበልጥ ሳቀ።

ልጅሽን ለማድስም አትስጫት፤ እዚህም አትላኪያት። ሦስተኛ መንገድ ፈልጊላት።

የምትወድሽ ሲሰል


ሌሶ፤ በኅዳር፣ በማርቲን በዓል ማግስት፣ 1774

ለሲሰል፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ የጎደለ ነገር ያለ መስሎኝ ነበር።

ነጭ ዳቦ ትበያለሽ፣ በሰረገላ ትሄጃለሽ፣ ሦስት ሴት ያለብስሻል። ከዚያ ለእኔ፣ ላም ከአሸዋ ስጎትት ለምውል ሴት፣ እስረኛ ነኝ ብለሽ ታለቅሻለሽ። ጸሐፊያችን «ይህን አልጽፍም፣ ያስቀይማል» ይላል። ጻፍ ብያለሁ። ሦስተኛ መንገድ ፈልጊላት አልሽ? በዚች ደሴት ላይ ሁለት መንገድ ነው ያለው፤ አንዱ ወደ ባሕር፣ አንዱ ወደ መቃብር።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለካ እውነት ነው። ንጉሥ ፊት የምትቆም ዘመድ አለችኝ ማለት፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ። ዶርተ መልስሽን ስትሰማ አካፋዋን ይዛ አሸዋ ልትጠርግ ወጣች። ደስ እንዲልሽ ነው የምነግርሽ።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።
ባርብራ


ኮፐንሃገን፤ ዘመን እንደተለወጠ፣ 1775

ለውድ እህቴ ለባርብራ፤

አዲሱ ዓመት የጥጋብና የሰላም ይሁንልሽ፤ ከብትሽንም ቤትሽንም ይጠብቅልሽ።

መቆጣትሽ ተገቢ ነው። ያን ደብዳቤ የጻፍኩት ደክሞኝ ነበር፤ እርሺው። ነገሩን ደግሜ ሳስበው ልጅሽን ብትልኪያት መልካም ነው። በመጀመሪያው መርከብ ላኪያት። እኔ ጋ ታድራለች፣ ከእኔ ጋር ትበላለች፣ የማውቀውን ሁሉ አስተምራታለሁ። ልብስ አትግዢላት፣ ከእኔ አሳጥሬ እሰፋላታለሁ። አዛዡ የስምምነት ወረቀት ይልኩልሻል፤ አባት ስለሌላት ያንቺ ምልክት ይበቃል።

ለምን ሐሳቤን እንደቀየርኩ አትጠይቂኝ። ሴት ሐሳቧን ብትቀይር አዲስ ነገር ነው እንዴ?

ደግሞ አንድ ነገር፦ የእናቴን ቤት ጣራ ማን አደሰው? ምድጃውስ ይሠራል? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

ቶሎ ጻፊልኝ። ቶሎ።
ሲሰል


ሌሶ፤ በጰራቅሊጦስ ሰሞን፣ 1775

ለእህት ዓለም ለሲሰል፤

እንዲህ ነው ዘመድ! የተናገርኩትን ሁሉ ንፋስ ይውሰደው። አምላክ ያሰብሽውን ይፈጽምልሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ። ጸሐፊው «ባለፈው የሰደብሻትን ልሰርዝልሽ?» ብሎ ይስቅብኛል።

ዶርተ ከዚህ ደብዳቤ ቀድማ በመርከበኛው በቶርበን መርከብ ተነስታለች። ከደስታዋ የተነሳ ማድስን ሳይቀር ሳመችው፤ ሰውየው እስካሁን ራሱን አላወቀም። ወደብ ድረስ የሸኘኋት እየሳቅሁ ነው። ቤት ስገባ ግን ወንበሯን አንስቼ ጓዳ አስገባሁት። ይሁን፤ ልጅ የሚወለደው ለመሄድ ነው።

ወረቀቱ ላይ ምልክቴን አድርጌያለሁ። የሹም ቋንቋ ስለሆነብኝ ቄሱ አነበቡልኝ፤ ረጅም ነው፣ መሐሉ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። «ሁሉም የንጉሥ ቤት ወረቀት እንዲህ ነው» ብለውኛል።

የእናትሽ ቤት በሰሜን በኩል ጣራው ተገልጧል፤ አሸዋው እስከ መስኮቱ ደርሷል። ምድጃው ደህና ነው። ማን ሊገባበት ነው የምትጠይቂው? አከራይቼ እንዳልበላው ፈርተሽ ከሆነ አይዞሽ፣ ከአይጥ በቀር የጠየቀ የለም።

ልጄን አደራ። ጠዋት ካልቀሰቀሷት አትነሳም።
ባርብራ


ኮፐንሃገን፤ የመኸር ንፋስ ሲጀምር፣ 1775

ለእህቴ ለባርብራ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ የሰማይ አባት ይህን ደብዳቤ ከበረዶው በፊት ያድርስልሽ። ዶርተ ደህና ናት፣ ወፍራለች፣ ጠዋት አሁንም አትነሳም።

አንድ የደበቅሁሽ ነገር አለ። አዛዡ በአዲሱ ዓመት ጠርተውኝ «ገረዷን የሚተካ ሰው ካሠለጠንሽ፣ ሕዝቡም ከተቀበላት፣ ነፃ ነሽ» አሉኝ። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ከክፍላቸው ስወጣ ደረጃው አይታየኝም ነበር። የእናቴን ቤት ጣራ የጠየቅሁሽ ለዚያ ነው። ልጅሽን የጠራሁት እኔ እንድወጣ ነበር። እንዲህ ነው እውነቱ።

ከመጣች ወዲህ ግን ሌላ ሆነ። ባርብራ፣ ልጅሽ እኔ በእሷ ዕድሜ ከነበርኩት ትበልጣለች፤ ዛሬ ካለሁትም ትበልጣለች። እኔ ሰው ለማሳቅ እሮጣለሁ፤ እሷ ዝም ብላ ትቆማለች፣ ሳቁ ራሱ ይመጣላታል። ባለፈው ልምምድ ላይ አዛዡ ገቡ። እኒህ ሰው ሳቅ የሚባል ነገር የማያውቁ ናቸው፤ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወጡ። ያን ዕለት ቤቴ መጥታ አልጋው ላይ ዘለለች። «እቴ ሲሰል፣ እውነት ሁልጊዜ እዚህ ነኝ?» አለችኝ። «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

ምልክትሽን ያደረግሽበትን ወረቀት አየሁት። የሚያበቃበት ቀን የለውም። ሕዝቡ አንዴ ካጨበጨበላት እስክታረጅ አይለቋትም። አንቺ ብትሞቺ እንኳ አትቀብርሽም። እሷን እዚህ ጥዬ በባሕር ዳር መሄድ፣ በእናቴ ምድጃ ዳር መሞቅ አልችልም። ሞክሬያለሁ፤ በሐሳቤ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ አልሞቀኝም።

ስለዚህ ለአዛዡ ደብዳቤ አጽፊ። ታምሜያለሁ፣ አስታማሚ የለኝም፣ ልጄን መልሱልኝ በዪ። ገና መድረክ ስላልወጣች ሊለቋት ይችላሉ። ከወጣች በኋላ አይሆንም። ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ቶሎ አድርጊው።

እየፈራሁ የምጽፍልሽ፣
ሲሰል


ሌሶ፤ ከማርቲን በዓል በፊት፣ የመጨረሻው መርከብ ሲነሳ፣ 1775

ለሲሰል፤

ሰላምታዬን ጸሐፊው ይጨምርበት፤ እኔ የለኝም።

መጀመሪያ አትምጣ አልሽ። ከዚያ ትምጣ አልሽ። አሁን ትመለስ ትያለሽ። ልጄ መቀነት ናት እንዴ ስትፈቺ ስታስሪያት የምትኖሪው? በልጄ ቤዛ ልትወጪ እንደነበር በራስሽ አፍ ነገርሽኝ። ያንን ይቅር እልሽ ነበር፤ የታሰረ ሰው የሚያደርገው አይጠፋውም። ግን ለምን ሐሳብሽን እንደለወጥሽ ለእኔ አይጠፋኝም። «ትበልጠኛለች» ብለሽ ጻፍሽ። እዚያ ላይ ነው ነገሩ ያለው። ቀንተሻል ሲሰል።

ጤነኛ ሆኜ ታመምኩ አልልም፤ የሚሰማ አምላክ አለ። ዶርተም በእጇ ጽፋልኛለች። አልጋዋ ነጭ አንሶላ አለው፤ አዛዡ በስሟ ይጠሯታል፤ «እማዬ፣ እዚህ ሳስመስል ማንም ወይ ዳሪያት አይልም» ብላኛለች። ይህን አንብቤ ልጥራት? ለማድስ?

ተያት ትጫወት። ያስተማርሽውን አስተምረሽ ጨርሺ።
ባርብራ


ሌሶ፤ በረዶው በተፈታ ማግስት፣ 1776

ሲሰል፤

ልጄ ተመልሳለች። ቶርበን ከመርከብ ደግፎ አወረዳት፤ ታማ አይደለም፣ መሬቱን ማየት አልፈልግም ብላ ነው። ከመጣች ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ቄሱ ሊጠይቋት መጥተው ሆዳቸው ጮኸ፤ ቀና እንኳ ብላ አላየቻቸውም።

የሆነውን ቀስ በቀስ አወጣሁት። ከመድረኩ ፊት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ቃል ለጠፋበት ሹክ የሚል ሽማግሌ አለ አሉ። ተዋናዩ ለሱ በተረከዙ ምልክት ይሰጠዋል። አንዴ ከመታ «ዝም በል፣ አውቀዋለሁ» ነው። ሁለቴ ከመታ «ቃሉን ስጠኝ» ነው። አንቺ ለልጄ ተገላቢጦሹን አስተማርሻት። ሳቁን ለመጠበቅ ዝም ባለች ቁጥር፣ ሽማግሌው ዝም እንዲል ብላ ሁለቴ ትመታለች፤ እሱ ጮኾ ቃሏን ይነጥቃታል። ያ አደናግሯት ቃሉ በእውነት ሲጠፋባት ደግሞ አንዴ ትመታለች፤ እሱ ጸጥ ይላል። ሕዝቡ በመጀመሪያ በእሷ ሳቀ። ከዚያ ውረጂ ለማለት ማፏጨት ጀመረ። መጋረጃው እስኪወርድ አላቆመም። ልትሰናበተው ስትሄድ ነው ሽማግሌው የነገራት፤ «ልጄ፣ እዚህ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ምልክቱ ያው ነው፣ ሲሰልም ታውቀዋለች» አላት።

በፉጨት የወረደ ሰው ሁለተኛ መድረክ አይረግጥም ብለዋታል። ይህንንም ታውቂ ነበር።

መጀመሪያ በልጄ ነፃነትሽን ልትገዢ ፈለግሽ። ከዚያ ስትበልጥሽ አይተሽ ረገጥሻት። የደብሩ ጸሐፊ እንኳ ዛሬ «አለዝቢው» አላለኝም። አንድ ጊዜ መልሺልኝ፤ አዎ ወይም አይ በዪ። ከዚያ በኋላ ዘመድ የለኝም።

ባርብራ


ኮፐንሃገን፤ በጰራቅሊጦስ ዋዜማ፣ 1776

ለባርብራ፤

ላንቺ የምመኘው ጤና ነው፤ ከኔ መምጣቱ ካስቀየመሽ ከሌላ ሰው እንደመጣ ቁጠሪው።

ሽማግሌው እውነቱን ነግሯታል። ተገላቢጦሽ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ረስቼ አይደለም። በፉጨት የወረደ እንደማይመለስም አውቅ ነበር። በልጅሽ ልወጣ መፈለጌም እውነት ነው። ቀንተሻል ላልሽውም አዎ። እንደመሰለሽ እመኚው፤ ለዶርተም እንዲሁ ንገሪያት። ብትጠላኝ ይሻላታል።

አዛዡ በማግስቱ ጠርተውኝ ነበር። አልጮኹም። «እንግዲህ ሌላ ምትክ አንሞክርም» አሉና እስክሞት ገረዷ እኔ እንድሆን የሚል ወረቀት አቀረቡልኝ፤ ፈረምኩ። በሚቀጥለው ጨዋታ ስወጣ ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ። ልጅሽን ያፏጩባት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ወገቤ ታስሮ ስለነበር ጎንበስ ብዬ እጅ መንሳት አቃተኝ፤ በኩራት ቆማ ቀረች ብለው ይበልጥ አጨበጨቡ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽና ከእኔ ጋር ያለሽ ጉዳይ ይብቃ። ዶርተን ወደብ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። መርከቡ ገመዱን ሲፈታ ግን ወደ መርከበኞቹ ዞራ እኔን ማስመሰል ጀመረች። ወደ መድረክ አገባቤን፣ ቀሚሴን አያያዜን፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልመስል አንገቴን የማቀናበትን፣ ከዚያ ማንም አያየኝም ብዬ ወገቤን የምደግፍበትን። ከጥላቻ ነው ያደረገችው። አንድም አልሳተችም። ቶርበን ገመዱን ጥሎ ሳቀ። ወደብ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ ባርብራ፤ በሕይወቴ ገረዷን እንዲህ አድርጎ የተጫወተ ሰው አላየሁም። አዛዡ ግን እዚያ አልነበሩም።

ከግድግዳው ትዞራለች። ስትዞር ማንም እንዳያስቆማት።

ሰረገላው በር ላይ መጥቷል። ዛሬም ገረዷን የምጫወተው እኔ ነኝ።

ሲሰል